ውኃ ዳር ፓርክ እንዴት ይታቀዳል? ከአንገረብ እስከ ጎርጎራ

የኮሪደር ልማት ወሬ ከተጀመረ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ቡና ላይ የማይነሳ ሐሳብ የለም። ደጋግሞ የሚመጣው ግን ይሄ ነው፦ «አንገረብ ግድብ ዳር ለምን ፓርክ አይሠራም? መሬቱ የመንግሥት፣ ውኃው የመንግሥት። ዛፍ መትከል፣ ወንበር ማስቀመጥ፣ አለቀ።» ጎርጎራን ያየ ሰው ደግሞ «ጣና ዳር ለሁላችንም የሚሆን አንድ ሰፊ መናፈሻ ቢኖርስ?» ይላል።

ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔም ከልቤ እመኘዋለሁ። ልጆቻችን ውኃ የሚያዩበት፣ ትልልቆቻችን ሳይከፍሉ ጥላ ሥር የሚቀመጡበት ቦታ ያስፈልገናል። «አለቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ውኃ ዳር ያለ መሬት እንደ ሌላው መሬት አይደለም። ዛሬ የብስ የሆነው ከሦስት ወር በኋላ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ባዶ የሚመስለው ቦታም ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። ከወንበሩና ከዛፉ በፊት መመለስ ያለባቸውን ጥያቄዎች እስቲ በቀላሉ እንያቸው።

## መጀመሪያ፣ የትኛው ውኃ ነው?

ጎንደር ራሷ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። ያላት ወንዝ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ሁለቱ ከከተማዋ በታች ይገናኛሉ፤ ከዚያ መገጭ ይቀበላቸዋል፤ መገጭ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ጣና ይገባል። ፒያሳ ላይ ቱቦ ውስጥ የተጣለ ላስቲክ፣ ጊዜ ይፍጅ እንጂ፣ መንገዱ ወደ ጣና ነው።

አንገረብ ግድብ ሰው ሠራሽ ነው። ወንዙ ተገድቦ፣ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ እንዲሆን የተጠራቀመ። ጎርጎራ ደግሞ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ናት። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ልዩነቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አንገረብ ዳር የሚታቀድ ፓርክ ከሁሉም በፊት የምንጠጣውን ውኃ አለማበላሸት አለበት። ጎርጎራ ዳር የሚታቀድ ፓርክ ደግሞ በየዓመቱ ከሚመጣና ከሚሄድ ሐይቅ ጋር መኖርን መቻል አለበት። አንዱን ፓርክ ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

## «የከተማ መሬት» ማለት የማን ማለት ነው?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማው መሬቱን ያስተዳድራል እንጂ የግል ንብረቱ አይደለም። የወንድሞቹንና የእህቶቹን ርስት በአደራ የያዘ ታላቅ ወንድም አድርጋችሁ አስቡት። ያጥራል፣ ያለማል፣ ማን ምን እንደሚያደርግበት ይወስናል። የብቻው ግን አይደለም።

ይህ መሬት ከከተማው እጅ ወደ ሌላ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሁለት ብሎ ይለያቸዋል፤ ጨረታና ምደባ። ጨረታውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተሻለ ያቀረበ ይወስዳል። ምደባ ግን ያለ ውድድር፣ ለታወቀ ዓላማ የሚሰጥ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለሃይማኖት ተቋም፣ ልዩ ሀገራዊ ፋይዳ ላለው ፕሮጀክት ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። «ልማት» ሲባል የግድ አልሚ የሚባል ሰው መጥቶ መሬቱን መውሰድ ያለበት ይመስለናል። ፓርክ ግን ማንም ሳይወስደውም ይለማል። ከተማው ለሕዝብ ይዞት፣ በራሱ በጀት ወይም በሌሎች እገዛ ሊሠራው ይችላል።

ያኔም ቢሆን አንድ ወረቀት አይቅር። ፓርኩ በፓርክነቱ ተለክቶ፣ ወሰኑ በችካል ታውቆ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ሊወጣለት ይገባል። ካርታ የሌለው አረንጓዴ ቦታ ምን እንደሚገጥመው በየከተማው አይተናል። መጀመሪያ አንድ ኮንቴይነር ይቀመጥበታል። ከዚያ ሁለት ሱቅ። ከዚያ አጥር። ከ10 ዓመት በኋላ ፓርክ እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

## ዳርቻው የቱ ጋ ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጎርጎራ ውኃው አጠገብ ቆሜ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ መሀል የደረቀ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይታያል። ከኋላዬ፣ ወደ መንደሩ በኩል፣ አንድ ሾላ አለ። ግንዱ ላይ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ገመድ የፈገፈገው ቦታ ለስልሶ ያበራል። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ አባት ነበሩ።

«አባባ፣ ይሄ የምን ምልክት ነው?» አልኳቸው።

«ታንኳ የምናስርበት ነዋ ልጄ። መስከረም ላይ ውኃው እዚህ ነው» አሉኝ፤ ቀና እንኳ አላሉም።

ከቆምኩበት እስከ ሾላው በእርምጃ ለካሁት። 140 እርምጃ ሆነ። ያን ቀን «ሐይቅ ዳር» ብዬ የቆምኩበት መሬት ግማሹን ዓመት የሐይቁ ወለል ነው ማለት ነው።

ይሄ ለምን ይሆናል? ጣና በጣም ሰፊ ነው፤ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ብትጨምሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትሪ ላይ ብትጨምሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ጎርጎራ ያለችበት የደምቢያ ሜዳ ዳርቻ ትሪ ነው። መሬቱ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ውኃው አንድ ሜትር ሲጨምር ዳርቻው 100 ሜትር ወደ እናንተ ይመጣል።

ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአካባቢው ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። እርጥብ ነው፣ ለም ነው፤ ስለዚህ ይታረሳል። በ1995 ዓ.ም. ጣና ክፉኛ ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ያኔ የተገለጠው ወለል ሰፊ ስለነበር ብዙ ገበሬ ገብቶ አረሰው። በቀጣዮቹ ዓመታት ውኃው ተመለሰ። በዚያ በደረቀው ዓመት መጥቶ «ዳርቻው ይኸውና» ብሎ ፓርክ የሚሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ወንበሮቹን ሐይቅ ውስጥ ያገኛቸው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የጣና ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ጨረጨራ የሚባለው የውኃ መቆጣጠሪያ አለ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለበለስ የኃይል ማመንጫ በዋሻ ውኃ ይወሰዳል። ባሕር ዳር ላይ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ጎርጎራ ላይ ዳርቻው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አንድ ዓመት አይቶ ማቀድ አይበቃም። የብዙ ዓመት የከፍታ መዝገብ ያስፈልጋል።

የሥራው ደንብ ከዚህ ይወጣል። ከታየው ከፍተኛ የውኃ መስመር በታች ቋሚ ነገር አይሠራም። ቤት የለም፣ ካፌ የለም፣ የኮንክሪት አጥር የለም። እዚያ የሚሆነው ሣር፣ የእግር መንገድ፣ ሲያስፈልግ የሚነሳ መቀመጫ ነው። አንገረብ ላይ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። ግድቡ ሲሞላ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ስላለው፣ የመጨረሻው ከፍታ አስቀድሞ ይታወቃል።

## «ከለላ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ባለሙያዎች «በፈር ዞን» ይሉታል። በውኃውና በሰው ሥራ መካከል ሳይነካ የሚተው ቀበቶ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውኃ ዳርቻን መከለል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍ መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል እንደሚቻል ይደነግጋል። ስፋቱ እንደ መሬቱ ይለያያል። ተዳፋትና ልል አፈር ሲሆን ሰፋ ይላል።

ሥራው የወንፊት ሥራ ነው። ጎርፍ ከማሳና ከመንገድ አፈሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ቆሻሻውን ይዞ ይመጣል። ሣሩና ቁጥቋጦው ፍጥነቱን ይቀንሱታል። አፈሩ እዚያው ይቀራል፤ ውኃው ጠርቶ ይገባል። ወንፊቱ ከሌለ ሁሉም እንዳለ ይገባል።

አንገረብን የጎዳው ይኸው ነው። ከላይ ካለው የተራቆተ ተዳፋት የሚመጣው ደለል የግድቡን ሆድ ሞልቶ የሚይዘውን ውኃ ቀንሶታል። ጎንደር ላይ ውኃ በፈረቃ የጠበቀ፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የደረደረ ሁሉ ይሄ ይመለከተዋል። ስለዚህ አንገረብ ዳር በወጉ የታቀደ ፓርክ ከመዝናኛም በላይ ነው። ወንፊት ነው። ከግድቡ በላይ ባለው ዳርቻ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ቢተከል፣ ወይራም ጽድም ሾላም ቢሆን፣ ሰው ጥላ ያገኛል፤ ግድቡ ዕድሜ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ልጠቁም። ከአፈርና ከድንጋይ በተሞላ የግድብ አካል ላይ ትልልቅ ዛፍ አይተከልም። ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ውኃ የሚሾልክበት ቀዳዳ ይተዋል። ችግኝ ተከላ ደስ ስለሚል ብቻ ባገኘነው ቦታ ሁሉ አንትከል።

ጎርጎራ ላይ ደግሞ ወንፊቱ ደንገሉ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። «እይታ እንክፈት» ብሎ ደንገሉን መመንጠር ለፓርክ አሳቢ ሰው ትልቅ ፈተና ነው፤ ፎቶው ላይ ያምራላ። ግን ደለሉና ማዳበሪያው ያለ ከልካይ ይገባል፤ እምቦጭ ደግሞ እንዲህ ያለ ምግብ የጠገበ ውኃ ነው የሚወደው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ክፉኛ የመታውም ይሄን የኛን የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። የመገጭ አፍ አካባቢም እንዲሁ መነካት የለበትም። በሌላ የትም የማይገኙ የጣና የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከነሱ የተወሰኑት በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ የሚወጡት እንዲህ ባሉ የወንዝ አፎች በኩል ነው።

## ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ የለ? ምን ይቀራል?

የከተማ ፕላን ሁለት ደረጃ አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ይላቸዋል። መዋቅራዊ ፕላን ቤት ስትሠሩ «ይሄ መኝታ፣ ይሄ ሳሎን፣ ይሄ ማድ ቤት» ብላችሁ እንደምትከፍሉት ነው። ለ10 ዓመት ያገለግላል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው የት፣ መስኮቱ የት እንደሚሆን ይናገራል።

«30፣ 30፣ 40» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የሀገራችን የከተማ ፕላን መለኪያ ነው። ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይሁን የሚል ነው። ከተሞች ይሄን 30 ለመሙላት ሲሉ ገደሉንም ወንዝ ዳሩንም አረንጓዴ ይቀቡታል። በወረቀት ላይ ደርሷል። ማንም ግን ሊገባበት አይችልም። አረንጓዴ ቀለም ፓርክ የሚሆነው መግቢያ፣ መንገድና ጠባቂ ሲኖረው ነው።

ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ ውይይት መደረግ አለበት። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ስብሰባ ስንጠራ አንሄድም። ለአበል ብቻ የተጠራ ስብሰባ ይመስለናል ወይም ሁሉም ያለቀ ይመስለናል። ግሬደር ከገባ በኋላ የምንጮኸው ጩኸት ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከምትነሳ አንዲት እጅ ያነሰ ዋጋ አለው።

## የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ለምን ያስፈልጋል? ፓርክ እኮ ነው!

ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዝምድና ካለ ይቀራል። ቆጠራው ከሠርጉ በፊት ካልሆነ ትርጉም የለውም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም እንደዚሁ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የሚለው፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጠናና ፈቃድ ያግኝ ነው።

ፓርክ የዋህ ነገር ይመስላል። ግን መኪና ማቆሚያ አለው፤ ከመኪና ዘይት ይንጠባጠባል። መጸዳጃ አለው፤ ፍሳሹ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። መብራት አለው፣ ድምፅ አለው። ጣና ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ቀጠና ነው። ቀጠናው በሦስት ይከፈላል፤ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው ከለላ፣ ከዚያ ውጪ ሰው እየኖረ እያመረተ በጥንቃቄ የሚጠቀምበት። ፓርኩ የትኛው ላይ እንዳረፈ ሳይታወቅ ዲዛይን መሣል ከንቱ ድካም ነው።

## አሁን እዚያ ያሉት ሰዎችስ?

«ባዶ መሬት» የሚባል ነገር ውኃ ዳር የለም። ከብት የሚያጠጣ አለ። ሣር የሚያጭድ አለ። ልብስ የምታጥብ እናት አለች። ባሕር ሸሹን የሚያርስ አለ። አንዳንዱ የይዞታ ማረጋገጫ አለው፤ አንዳንዱ በልማድ ብቻ የያዘው ነው።

ይዞታ ያለው ሰው ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሲነሳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይመለከተዋል። አስቀድሞ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ለንብረቱ ካሳ ይሰላል። ምትክ መሬት ያላገኘና በቋሚነት የተነሳ ገበሬ ደግሞ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው አዋጁ ደንግጓል።

በካሳ የማይፈታው ግን ሌላ ነው። ወረቀት የሌለው ተጠቃሚ። ከብቱን ሲያጠጣበት የኖረው ሰው «ማስረጃህን አምጣ» ቢባል የሚያመጣው የከብቱን ዱካ ነው። እሱን አጥሮ ማስቀረት ሕጉ ባይከለክለው እንኳ ፓርኩን አያኖረውም። አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል፤ ችግኙም ይበላል። ይልቅ ለከብቶቹ አንድ የታወቀ መውረጃና ከዳርቻው ራቅ ያለ የመጠጫ ገንዳ ፕላኑ ውስጥ ይግባ። ወጪው ትንሽ ነው። የሚያመጣው ሰላም ብዙ ነው። ከነዚሁ ሰዎች መሀል ጠባቂም አትክልተኛም ይቀጠር።

## ሪዞርትና የሕዝብ ፓርክ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ ሪዞርት ተሠርቶባታል። ሪዞርት እንግዳ ያመጣል፣ ገቢ ያመጣል፣ ሥራ ይፈጥራል። የራሱ ጥቅም አለው። የሕዝብ ፓርክ ግን ሌላ ዓላማ አለው። ገንዘብ የሌለው ሰው ዳርቻው ላይ ለመቀመጥ ያለው መብት ነው።

መለያው ቀላል ነው። «አንድ ቤተሰብ ምሳውን በሰሃን ቋጥሮ ገብቶ፣ ምንም ሳይገዛ፣ ከውኃው አጠገብ ውሎ መውጣት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻለ የሕዝብ ነው። ካልቻለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የደንበኛ ነው።

መግቢያ 20 ብር ቢሆንስ? ትንሽ ትመስላለች። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 100 ብር ናት። ባጃጁ ሲደመርበት ልጆቹ እቤት ይቀራሉ።

ካፌም ጀልባም አይኑር ማለቴ አይደለም። ይኑር። ግን ቦታው ከዳርቻው ወደ ኋላ፣ ከመግቢያው አጠገብ ይሁን። ሊዙም ለካፌው ወለል ብቻ እንጂ እስከ ውኃው ድረስ ላለው መሬት አይሁን። አንዴ እስከ ውኃው በሊዝ የተሰጠ ዳርቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይመለስም።

## ታዲያ ምን ይሠራበት?

ከሁሉም በፊት መጸዳጃ ቤት። ይሄን ስል የሚገርመው ሰው አይጠፋም። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። ትሉ እንቁላሉን በሰው ዓይነ ምድር ይለቃል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ይወጣና ውኃ ውስጥ በቆመ ልጅ ቆዳ በኩል ይገባል። መጸዳጃ የሌለው የሐይቅ ዳር መናፈሻ ልጆችን ሰብስቦ ለበሽታው መስጠት ነው። ስለዚህ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ከዳርቻው ርቆ፣ ከታንከሩ የማያፈስ፣ ቀን ሙሉ የሚጸዳ ይሁን። ውኃ ውስጥ መግባት የማይገባበት ቦታ የቱ እንደሆነም ሁሉም በሚያነበው አማርኛ ይጻፍ።

ጎርጎራ ላይ ጉማሬም አለ። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። የፓርኩ የመዝጊያ ሰዓትና የመብራቱ አቀማመጥ ይሄን ማወቅ አለበት።

ከዚያ ጥምቀት አለ። ጥር 10 ታቦት ወርዶ ውኃ ዳር የሚያድር ሕዝብ ነን። ውኃ ዳር ፓርክ ሲታቀድ ታቦቱ የሚያርፍበት፣ ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊ ሜዳ ካልተተወ ፕላኑን የሠራው ሰው ጎንደርን አያውቃትም።

ጥምቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ውኃ ዳር ፓርክ ሳስብ ሁሌ የምሄደው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ነው። ገንዳውን ልብ ብላችሁ እዩት። ቀሃ ወንዝ ራሱ አልተነካም። ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ ውኃ ወደ ሰዉ መጣ፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ይለቀቃል። ዙሪያው በድንጋይ ተከልሎ ሰው የሚቆምበትና ውኃው የሚቆምበት ተለይቷል። የትልልቆቹ ዛፎች ሥር የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ሥሩን ይይዝ፣ ሥሩ ድንጋዩን ይያዝ አይታወቅም። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥላውና ጸጥታው ግን ሁሌም አለ።

አንገረብ ላይ የሚያስፈልገን እንደዚህ ያለ ሐሳብ ይመስለኛል። የመጠጥ ውኃው ውስጥ ማንም አይገባም፤ ዋና የለም፣ የሞተር ጀልባ የለም፣ መኪና እጥበት የለም። ሰዉ ከፍ ካለው ቦታ በጥላ ሥር ሆኖ ውኃውን ያያል። ልጆች የሚነኩት ውኃ ካስፈለገ ደግሞ ለብቻው ትንሽ ገንዳ ይሠራል።

## ማን ይጠብቀዋል? በምን ገንዘብ?

ፓርክ መመረቅ ቀላል ነው። ድግስ ደግሶ ዕቃ አጣቢ አለማሰብ ነው የሚያዋርደው። ምረቃው ላይ ያበበው አበባ በዓመቱ ይደርቃል፤ ፏፏቴው የፕላስቲክ ጠርሙስ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

እንደ ምሳሌ እንቁጠር። 12 ሠራተኛ ያለው ትንሽ ፓርክ ነው እንበል። እያንዳንዱ በወር 6 ሺህ ብር ቢከፈለው፣ በዓመት 864 ሺህ ብር ለደመወዝ ብቻ ይወጣል። ውኃ፣ መብራት፣ ችግኝ፣ ጥገና ገና አልተነሳም። ይሄ ገንዘብ በየዓመቱ ከየት እንደሚመጣ ከግንባታው በፊት መጻፍ አለበት።

መንገድ አለ። ጀበና ቡና የሚያፈሉት፣ ፎቶ የሚያነሱት፣ ጀልባ የሚያንቀሳቅሱት ተደራጅተው ኪራይ ይከፍላሉ። ካፌው ኪራይ ይከፍላል። ሙሽራ ፎቶ ለመነሳት ሲመጣ ትንሽ ይከፍላል። ዋናው ጉዳይ ይሄ ገንዘብ ወደ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ሳይጠፋ ለዚያው ፓርክ በተለየ ሒሳብ መቀመጡ ነው። ለምን ብትሉ፣ ጎርፍ የበላውን መንገድ ለመጠገን የሚቀጥለውን በጀት ዓመት መጠበቅ ካለባችሁ፣ ክረምቱ ሌላውንም ወስዶት ይጠብቃችኋል።

## ስብሰባው ሲጠራ ምን ልጠይቅ?

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የሚያምር ሥዕል ለጊዜው ተዉት። ሥዕል ላይ ሁሌ ፀሐይ ነው፤ ሁሌ ሣሩ አረንጓዴ ነው። የፕላኑን ካርታ ጠይቁ። ካርታው ላይ ሁለት መስመር ፈልጉ። አንደኛው የመስከረም ውኃ የሚደርስበት፣ ያውም ከታየው ሁሉ ከፍተኛው። ሁለተኛው በሊዝ የሚሰጥ መሬት የሚያልቅበት። በሁለቱ መካከል ሰው ከዳር እስከ ዳር ሳይከፍል በእግሩ መሄድ የሚችልበት ቦታ መኖሩን በጣታችሁ ተከትላችሁ እዩ። የሆነ ቦታ ላይ ጣታችሁ አጥር ከመታ፣ እዚያው እጃችሁን አውጡና አጥሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ።